ተመላሽ

ሰባት ደብዳቤዬ ተመልሶ መጣ፣
ማኅተሙ ሳይፈታ፣ ካንዱም ቃል ሳይወጣ።
የፖስታ ቤቱ ሰው ዐይኑን ወዲያ ሰብሮ
ሰጠኝ በመስኮቱ፣ በሲባጎ አስሮ።
በቀይ ቀለም «ተመላሽ» ይላል ላዩ፤
ሌላ ምንም አይል።
ከጦሳ የወረደው ጉም ደሴን ሸፍኗት ነበር፤
ማንም አላየኝም፣ ታቅፌው ስሄድ።

ከጦር ሚኒስቴር ደግሞ ሣጥን፣ በሣጥኑ ላይ ወረቀት፦
«ጉዳዩ፦ ኮሪያ ዘምተው የነበሩት የሟች ሻምበል ይመር ጓንጉል ንብረት።
አንድ የእጅ ሰዓት፣ የቆመ።
አንድ የሱፍ ሹራብ።
ሃያ ሦስት ደብዳቤ፣ የተነበበ።
ተረክበው ይፈርሙ።»

ፈረምሁ።
ሰዓቱን ጠመዘዝሁት፤ ወዲያው ሄደ።
ይህን ያህል ቀላል ነው እንዴ?

ሃያ ሦስቱን ባየው፣ ወረቀቱ አልቋል፣
ሻማ ፈሶበታል፣ እጥፉ ተሰንጥቋል።
ጭቃ፣ የሲጋራ አመድ፣ የማላውቀው የጣት አሻራ፤
ይመር፣ ከማን ጋራ?

ሌላ ወረቀት፦ «ለጡረታው ጉዳይ፣ ሕጋዊ ባለቤት ለመሆንዎ
ሦስት የታመኑ ምስክሮች ይቅረቡ።»
እንዲህ ብዬ መለስሁ፦
«ሹራቡን ልኬላችኋለሁ። የሠራሁት እኔ ነኝ።
ግራ እጅጌው ከቀኙ በአንድ ጣት ያጥራል፤
ክር አልቆብኝ ነው፤ ይህን የምናውቅ እሱና እኔ ነበርን።
ለክታችሁ መልሱልኝ።
እናንተም ተመላሽ በሉበት።»

መልስ የለም። ክረምቱ ገባ።
ቆርቆሮው ሲያፈስ ገበቴ እደቅናለሁ፣
ገበቴው ሲሞላ እደፋለሁ፣
ማታ ማታ ሰዓቱን እጠመዝዛለሁ።
በነሐሴ ከባቲ፣ በልጅ እጅ የተጻፈ ደረሰኝ፦

«ለእመቤቴ ለወይዘሮ ደብሪቱ።
እኔ ሙሔ አራጋው የሻምበሉ ወታደር ነበርሁ።
ፊደል አልቆጠርሁም፤ ይህን የሚጽፍልኝ የጎረቤቴ ልጅ ነው።
እዚያ ተራራ ላይ ደብዳቤ የማይመጣለት ብዙ ነበር።
ሻምበሉ ማታ ማታ የእርስዎን ያነብልን ነበር፤
ሲያልቅ ደግሞ ከመጀመሪያው።
ላሟ ስትወልድ አጨበጨብን።
ጣራው ሲያፈስ ተጣላን፣
በቅጥራን ይደፈን፣ የለም ቆርቆሮው ይለወጥ ተባብለን።
አንዳንድ ቦታ ሲደርስ ዝም ይልና ገጹን ይገለብጥ ነበር፤
እኛም ወደ ውጭ እናይ ነበር።
ጥጃዋ አደገች ወይ? ጣራውስ?»

ፊቴ ጋለ።
ስንት ወንድ፣ በማላውቀው አገር፣ ከጣራዬ ሥር አድሯል!
ያን ዝም ያለበትን ቦታ አውቀዋለሁ፤
የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ሰባቱን በዚያው ሲባጎ መልሼ አሰርሁ።
ላዩ ላይ፣ ከቀዩ ቃል በታች፦ ባቲ፣ ለሙሔ አራጋው።
ውስጡ አንዲት ቁራጭ ጨመርሁ፦

«ማኅተሙን ፍታው፣ ልጁ ያንብብልህ።
ጥጃዋ አድጋ ወልዳለች።
ጣራው እንደነበረ ነው።
ሻምበልህ ዝም የሚልበት ቦታ ስትደርሱ፣
ልጁ ሕፃን ነው፤
ወደ ውጭ እዩና ገልብጡ።»