ሦስት መቶ ቃል

መጋቢት ነው፤ ቱርኩ፤ ወንዙ ገና ገርጥቷል፤
የቆመው ጀልባ ገመድ በውርጭ ደርቆ ተገትሯል።
ሂልካ ከጠረጴዛዋ፣ ከመስኮቱ ሥር፣
ስለ መጪው ዘመን ልትጽፍ ቃል ስትቆጥር፣
ሁለት መቶ ዘጠና፣ ሁለት መቶ ሰባ፣
እየደለዘች ስትወጣ፣ እየጻፈች ስትገባ።

«የመጻኢ ጥናት ጉባኤ፤ የሐሳብ ማቅረቢያ ቅጽ።
እስከ እኩለ ሌሊት። ከሦስት መቶ ቃል አይብለጥ።»
ርእስ ይላል አንዱ፣ ዘዴ ይላል ሌላው፤
በስተግርጌ ደግሞ ቀይ ኮከብ ያለው፣
ሳይሞሉት የማያሳልፍ አንድ ጠባብ ሳጥን፣
«የጊዜ አድማስዎ?» ይላል፤ «ዓመቱን?»

በነሱ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ሰባ አምስት አለችው፤
ዋጠው። እንኳን ሊከራከር፣ ጉሮሮውን አልያዘው።
በዚያ ዓመት ብትኖር ዘጠና ስድስት ይሆናታል፤
ቅጹ ይህን አይጠይቅም፤ ኢሜይሏ ይበቃዋል።

የምታጠናው መንገድ ነው፤ ብርዱ ሲጠና
በደሴትና በደሴት መሃል ባሕሩ ይጸናና፣
ፖስታ ያልፍበታል፣ መኪና ያልፍበታል፤
ሙሽራም፣ ሬሳም፣ ላምም ተሻግሮበታል።
አባቷ ኦርቮ ነው የመንገዱ ጠባቂ፣
የባሕር ጀርባ ወጊ፣ በረዶ ጠያቂ።
በመሰርሰሪያ ይበሳል፣ በዘንግ ይለካል፣
ግራና ቀኝ የጥድ ቅርንጫፍ ይተክላል፤
ማታ በእርሳስ ይጽፋል በሰማያዊ ደብተር።
«ሠላሳ ስምንት ሳንቲም። ይይዛል» ይል ነበር።
ከዚያ ደብተር በደብተር፣ ዓመት በዓመት ላይ
ቁጥሩ ሲመነምን፣ ሲሳሳ ስታይ፣
«አሥራ አንድ፤ ሰው ብቻ።» «ስድስት፤ ቀላል ውሻ።»
ከዚያ ቁጥር የለም፤ «ውሃ» ነው መጨረሻ።

እሷ ይህን ሁሉ በግራፍ ዘርግታ፣
መጪውን በአራት ከፍላ፣ በየስሙ ጠርታ፣
ብሩህ፣ ጨለማ፣ እንደነበረው፣ ያልታሰበ፣
አራቱም ተጣጥፎ በአንቀጽ ተከተበ።
አማረ። አማረና
አንድ ነገር ጎደለው። ምን እንደሆነ እንጃ።

ለአምስት ሩብ ጉዳይ። ደወለች ለአባቷ።
«አልተኛህም?»
«ዜና እየሰማሁ ነው።»
«አባባ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ
ያ ባሕር ምን ይሆናል?»
ዝም አለ። መስመሩ ላይ ነፋስ ይሰማል፣
የወለሉ ሳንቃ፣ መጋረጃ ሲገለጥ።
«ጨለማ ነው» አላት፤ «አሁን አይታይም።
ጠዋት ሄጄ አያለሁ።»

በነሱ ቋንቋ ለነገ የተለየ ግሥ የለም፤
እኛም «ይመጣል» ስንል ዛሬም ነው፣ ነገም።
እየመጣ ያለውን፣ ገና ያልመጣውን፣
በአንድ ቀንበር ጠምደን እናርሳለን ሁለቱን።
«አያለሁ» አለ ሽማግሌው፤
የትኛውን በሬ እንደነዳ
ሂልካም አልጠየቀችው።

አራቱን ዕጣ ደለዘች። ሰዓቱ ሲጣደፍ
ዘዴ በሚለው ሳጥን፣ ሳትጨምር ሳታተርፍ፣
«አንድ የሰማንያ ስምንት ዓመት ሰው፤ አንድ ዘንግ።
በየጠዋቱ ይሄዳል። በረዶ ባይኖርም» ብላ
ላከችው።
የቀረው ቃል ሁሉ፣ ሦስት መቶ ሊሞላ፣
ባዶውን ሄደ።

መልሱ በግንቦት መጣ፤ ገምጋሚዎቹ ሁለት።
አንደኛው፦ «ዘዴው ግልጽ አይደለም፤ ይጨመርበት።»
ሁለተኛው፣ ስሙ የተሸፈነው፣
ነጥብ የሚሰጥበትን ረድፍ እንዳለ ትቶ፣
«በስንት ሰዓት ነው የሚሄደው?» ይላል፤ ሌላ የለም።

ደወለችለት።
«ሲነጋ ነዋ!» አለ፣ እንደ ተቆጣ ሰው።
ግንቦት ነው። እዚያ አገር፣ በግንቦት፣
መምሸቱም እንጃ።