ቁልፉ

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቁልፉ ከወገቤ፣
ፊርማ ሳላይ ላልሰጥ የማልኩ በቀለቤ።
ለአንዲት ብልቃጥ ሦስት ፊርማ ነበር ሕጉ፦
የተረኛው ሐኪም፣ የክፍሉ ኃላፊ፣ የሻለቃው።
ሌሊት ሻለቃው ይተኛል።
ደም አይተኛም።

ሻምበል አየለች ሁሪሶ ለትምህርት ስትላክ
«አዋላጅ ደግሞ ምን ያጠናል?» ብለን ስቀናል፤
እናቶቻችን ያለ ዲግሪ አልወለዱንም?
«የአሠራር ለውጥ» የሚል ጨርቅ
በራችን ላይ ተሰቅሎ ነበር፣
ሁለት ክረምት ዝናብ በላው፤
እሷም በሁለተኛው ክረምት ሐዋሳ ተመለሰች።

መዝገብ ቤት ገባች። አቧራ ለብሳ ወጣች።
የሟቾቹን ካርድ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረች።
አልጮኸችም።
በእርሳስ ሰዓቱን ብቻ አሰመረች፦
መድኃኒቱ የተጠየቀው፣ ከሌሊቱ ሰባት ተኩል፤
መጋዘኑ የተከፈተው፣ ዘጠኝ ከሃያ።
በመካከሉ ያለችው
ወታደር ሸጊቱ ባልቻ ናት።
ከታች ፊርማዬ አለ።
ቆንጆ ፊርማ ነው፣ ተጠብቤበታለሁ።

ያን ምሽት ሐይቁ ዳር ወረድኩ።
አባ ኮዳዎቹ እንደ ኮሚቴ ቆመው
የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ፤
አንዱ ዞር ብሎ አየኝ፣
የሚያውቀኝ ይመስል።

በማግሥቱ ደብዳቤ አልጻፍኩም፣
ሚስማር ፈለግኩ።
ከማዋለጃው በር አጠገብ፣ በሻምበሏ ትከሻ ልክ፣
መታሁና ቁልፉን አንጠለጠልኩ።
«ማን ፈቀደ?» አለኝ ሻለቃው።
ካርዱን ሰጠሁት። ቁጭ ብሎ አነበበ።

አሁንም ሌሊት፣ በኮሪደሩ እግር ሲሮጥ
እጄ ሳላዘው ወገቤን ይዳብሳል።
ባዶ ነው።
ተመስገን፣ ባዶ ነው።