ቢያድግልኝ

«ቢያድግልኝ» አለችው እናቱ፣ ስም ስታወጣ፤
ቁመቱስ አደገላት፤ ግንባሩ ጉበን ይመታል ሲገባ ሲወጣ።
ልቡ ግን ስምንት ዓመት ላይ፣ እግሩን ዘርግቶ ቁጭ አለ፤
ቡሬ ላይ ይህን የማያውቅ፣ ከኛ ሰፈር ማን አለ?
«አንቱ» ስንለው ዞሮ ኋላውን ያያል፤
ሌላ ሽማግሌ የቆመ ይመስለዋል።

ሥራው ወረዳ ትምህርት ቢሮ፣ ፈተና ማባዣ ክፍል፤
ስቴንስል ወጥሮ፣ እጀታ ጨብጦ፣ ሲያዞር ሲያዞር የሚውል።
ጣቱ ቀለም እንደጠጣ ይገባል ቤቱ እየመሸ፤
የተጣለ ወረቀት ይዞ፣ ጀርባው ገና ያልተበላሸ።
ከፊቱ «ትክክለኛውን መልስ ምረጡ» የሚል ትእዛዝ፤
ከጀርባው ጥርሱን ያመመው ጅብ፣ ጉንጩን በነጠላ ሲይዝ።
ሐኪሟ ጦጣ ናት፤ ክፍያ አስቀድማ ትጠይቃለች፤
«አፍህን ክፈት» ለማለት ግን ዛፍ ላይ ትወጣለች።

ዕቁብ ወጣለት በጥቅምት። የሻረግ «ቆርቆሮ» አለች፤
ጣሪያው ያንጠባጥባልና እውነቷን ነበረች።
እሱ ደብረ ማርቆስ ሄዶ ብሩን ለማተሚያ ቤት ከፈለ፤
አምስት መቶ ቅጂ አውቶቡስ አናት ላይ አስጭኖ፣ እያፏጨ ከተፍ አለ።
ጆንያው ሲፈታ ታየ፦ የመጨረሻው ቅጠል የለም።
ጅቡ አፉን ከፍቶ ቀርቷል፤ አይነቀል፣ አይታከም።
«ወረቀት አልቆ ነው» አለ ማተሚያ ቤቱ፤ ሌላ መልስ አልነበረው።
የሻረግ ምንም አላለችም፤ ባልዲውን ጠጋ አደረገችው
ከጠብታው ሥር።

መጨረሻ የሌለው ተረት ማን ብር አውጥቶ ይገዛል?
አባቴ በርበሬ ነጋዴ ነው፤ መጠቅለያ ይፈልጋል።
በኪሎ መዘነለት።

ሚዛኑ ዘንድ እኔ ነበርሁ፤ ዘጠኝ ዓመቴ፣ አፍንጫዬ የነደደ፤
ገጽ ቀድጄ ስጠቀልል፣ ዓይኔ ከፊደሉ ጋር ሄደ።
አንዲት እናት ገጽ ሦስትን ከሩብ ኪሎ ጋር ወሰዱ፤
ገጽ ዐሥራ አንድ ወደ ማንኩሳ፣ ገጽ ሰባት ወደ ሽንዲ ሄዱ።
ልጆቹ በየቤታቸው መጠቅለያውን አራግፈው፣
እያነጠሱ አነበቡት፤ «ቀጥሎስ?» አሉ ደጋግመው።
በሳምንቱ አንዱ መጣ፦ «ግማሽ ኪሎ፣ በገጽ አምስት!»
«በርበሬስ ቤት አለን» አለች ሌላዋ፣ «የጎደለን ገጽ ስድስት!»

ሰማ ቢያድግልኝ። መጣ። ሚዛኑ አጠገብ ቆመ።
የሚቆጣ መስሎኝ ሸሸሁ፤ ሳቀ፤ ሲስቅ እንባው ቀደመ።
«መጨረሻውን ማን ያውቃል?» አለን፤ ገበያው በአንድ አፍ ጮኸ፦
ጥርሱን ነቅላ፣ ክር አስገብታ፣ ባንገቷ አሰረችው፤
የለም፣ ዋጣት፤ ሆዱ ውስጥ ገብታ ክሊኒኳን ከፈተችው፤
የለም፣ ጥርሱ የሱ አልነበረም፤ ከአህያ ነው የተበደረው።
ሁሉንም ጻፈው። ጀርባው ሲያልቅ ክንዱ ላይ ጻፈው።

ከዚያ ወዲያ የጻፋቸው፣ ዐሥራ ሰባት መሆናቸው ነው፣
የመጨረሻ ገጻቸው ባዶ፤ አውቆ ነው የተወው።
ከክልል የመጣ ገምጋሚ «ጉድለት» ብሎ ጻፈበት፤
ሽልማት አላየም ሰውየው፤ ቀይ እስክሪብቶ ነው ያረፈበት።
ማባዣው በኮምፒውተር ሲተካ፣ እሱም ጡረታ ወጣ፤
ጣቱ ላይ የቀረው ቀለም ግን ታጥቦ ታጥቦ አልወጣ።
ጣሪያው? ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ አዲስ ቆርቆሮ ለበሰ፤
ባልዲውም አልተጣለ፤ በልጆች እርሳስ ሞልቶ ፈሰሰ።

ባለፈው ልጠይቀው ሄድሁ። ጆሮው ከብዷል፤ መጮህ ነው።
ገጽ ዘጠኝን ይዤለት ነበር፣ ከዚያ ዘመን የተረፈውን፣
ጠርዙ አሁንም ቀይ ነው።
አገላበጠው። አሸተተው።
አስነጠሰው።
«ይማርህ» አልሁት።
«ያኑርሽ» አለና፣ አፍንጫውን በቀለማም ጣቱ እየጠረገ፣
ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀኝ፣ የሻረግ እንዳትሰማ፦
«ጅቡስ... ዳነ?»