ወህኒው የአንበሳ ቤት

ኮቱን ያጠበብሁት፣ ሱሪውን ያሳጠርሁ፣
ፒያሳ ከሱቄ አንጓችን ወንድ ያስመሰልሁ
እኔ ነኝ።
ነርስ ናት ቀን ቀኑን፤ ማታ ጢም ለጥፋ
ወህኒ ትቀጠራለች፣ ባሏን በማግኘት ተስፋ።

ዜማው የጀርመን ነው፣ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው፤
ቃሉን ወዳማርኛ መምህር ላቀው የጣፈው።
ኦርኬስትራ የለን፤ ኪቦርድ ናት፣ ቁልፏ የላላ፣
ከአዘዞ በባጃጅ የመጣች፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ።

ወህኒው ፋሲል ግቢ፣ የአንበሳ ቤቱ ነው። እስረኞቹ ሲወጡ
«ፀሐይ ስታዩ እጅ ዘርጉ፣» አለ አዘጋጁ ቢምረው፤ «ሳቁ፣ ፈንጥዙ፣ ውጡ!»

ሁሉም ዘረጋ። አያ ሙጬ ብቻ፣ ከኋላ ከተርታው የቀረ፣
መዳፉን ዓይኑ ላይ ጭኖ ቆመ። «ምነው?» ቢሉት ተናገረ፦
«ሰባት ዓመት ከጨለማ የኖረ
ሲወጣ አይስቅም ልጄ።
ፀሐይ ያማል። የጀርመኑን እንጃ፤
እኔ ግን ያኔ
ዓይኔን ነው የያዝሁ በእጄ።»

ከየት አወቅህ ያለው የለም። ቢምረው የጻፈውን ሰረዘ፤
ደግመው ሲወጡ ሃያ ሰው ዓይኑን በመዳፉ ያዘ።
እኔም መርፌዬን የት እንደሰካሁ ዘነጋሁ።

ማታ እጅጌውን ስለካው፣ «ሚስትህሳ?» አልሁት፣ «እንዲህ ወንድ መስላ...?»
ሳቀ።
«የኔዋስ ሴት ሆና ነው የመጣች፣ እሑድ እሑድ፣ አገልግል አንጠልጥላ።
ስንቁ ይገባ ነበር፤ እሷ ከበር ትመለስ።»

ክሩን በጥርሴ በጠስሁ።
«ኪሱን ጥልቅ አርገው፣» አለኝ፣
«ፍርፋሪ እንዳይፈስ።»