ያረፈበት ቀን

ሠላሳ አምስት ደቂቃ፣ መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር፤
ከፋጋሊኢ ተነስቶ ታፉና ላይ እስኪሰፍር።
ነፋስ ከፊት ከመጣ ሁለት ደቂቃ ጨምር።
ሻይ አይቀርብ፣ ወሬ አይጀመር፤
ማዶው ይታያል ደርሶ፣
ቀበቶ ታስሮ ሳይሞቅ «ፍቱ» ይባላል መልሶ።

ሰዓቱ አይለወጥም፤ እዚህ አራት፣ እዚያም አራት።
ቀኑ ነው የሚያፈገፍገው፣ አንዲት ሙሉ ዕለት፤
ማክሰኞ ረፋድ የተሳፈረ ሰኞ ረፋድ ይወርዳል፤
መሐል ባሕር ላይ፣ ዓሣ ሳያየው የሚያልፈው መስመር ተሰምሯል፤
መንግሥትና ነጋዴ ያሰመሩት፣ በወረቀት፣
ማዕበል የማያውቀው፣ ታንኳ የማይሰናከልበት።

አፒያ ላይ ፑአ፣ ትኬት ቆራጯ፣
«ሚዛኑ ላይ ውጪ» አለች፣ ሳትነሳ ከመቀመጫዋ።
ትንሽ አውሮፕላን ነው፤ ሰውም እንደ ሸቀጥ ይመዘናል።
እኔ ሰባ ዘጠኝ፤ ቦርሳዬ ስድስት ሆኗል፤
ጥቅሉ ሰሌን፣ ጫፉ በቀይ ላባ የተዘመዘመው፣
ሁለት ኪሎ እንኳ አልደፋም፤ ሐር ነው የሚመስለው።
«ሌላ የያዝሽው አለ?»
«የለም።»
መርዶ በኪሎ አይለካም።

ዛሬ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሆስፒታል፣ ዘጠኝ ቁጥር አልጋ፣
ወንድሜ ፔኒያሚና አረፈ፤ ዶሮ ሳይጮኽ፣ ሳይነጋ።
ለእናታችን በስልክ? አይሆንም አልኩ፤
መርዶ እግር ይፈልጋል፤ እግሩን ሆኜ ተሳፈርኩ።

ከፊቴ አንድ ሽማግሌ የዳቦ ፍሬ ታቅፎ ያንኮራፋል።
የአብራሪው ማጅራት በፀሐይ ተልጧል።
በአሥራ ሰባተኛው ደቂቃ ሰዓቴን አየሁ፤
መስመሩ እዚህ ግድም ነው፤
እግሬን ሰበሰብኩ፣ የምረግጠው መሰለኝና ፈራሁ።

አሁን ማክሰኞ የለም። አልነጋም። አልመጣም።
ወንድሜ ሰኞ ላይ ነው፤ ትራሱን ደገፍ ብሏል፤ አልሞተም።
«ይሄ ሾርባ ጨው ያውቃል?» እያለ ነርሷን ያስቃል፤
«ነገ ወደ ቤቴ ነኝ» ይላል።

ጎማው አስፋልት ነካ፣ አንዴ ነጠረ፣ ረጋ።
አብራሪው ዞሮ፣ ፈገግ ብሎ፣ «በሰላም አረፍን» አለ።
«በሰላም አረፈ» ብሎኝ ነበር ሐኪሙም፣
እጄን እየጨበጠ።

ሎሳ ከቱና ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣
ነጭ ቦቲዋን ሳታወልቅ ጠበቀችኝ በሩን ተጠግታ።
የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ሰኞ ይላል።
እናቴ ሰሌኑን አየች። ሰሌን ለሠርግም ይመጣል።
ፊቴን አየች፤ ሠርግ የለበትም።
«መቼ አረፈ?» አለች። ስሙን አልጠራችም።

አፌ ውስጥ ቀኑን ፈለግሁት።
ዛሬ ብል፣ የሞት ወረቀቱ ሐሰተኛ ያደርገኛል።
«ነገ» አልኳት፣ «ሊነጋ ሲል።»

ዝም አለች። የጎረቤት ሬዲዮ ስለ ዝናብ ያወራል።
ቀን መቁጠሪያውን አየች፣ ቀስ ብላ፣ መነጽሯን አድርጋ፤
«እንግዲያ» አለች፣ «ዛሬ ደውሉለት፤
ሳይነጋ።»