መጀመሪያ ብረት ንካ

አፉላ፣ አራተኛ ፎቅ። ሊፍቱ ከፋሲካ ወዲህ አልሠራም፤
ሻራቩ ከሜዳው ተነሥቶ መስኮቱን ሲገፋ አልተኛም።
አየሩ ደርቆ ይንጣጣል፣ ሸሚዝ ሲያወልቁ ይፈነጥቃል፤
በምግብ ጠረጴዛችን ላይ የልጄ ካርቶን ተቆልሏል፣
ከሠራዊት ሲሰናበት በሰጡት ገንዘብ የገዛው፣
አንዱን ዛሬ፣ አንዱን ሌላ ወር፣ ከሐይፋ በአውቶቡስ ያመጣው።

"አባ፣ ይቺን አንተ ግጠማት፤ የኔ እጅ ያልበዋል" አለኝ፣
ከብርማ ከረጢት አውጥቶ አንዲት ስስ ነገር አሳየኝ።
ማስቲካ ታክላለች። ከዚያ አትበልጥም።
"ይቺ ናት የምታስታውሰው?" አልኩ። መልሱን አልጠበቅሁም።
"አንድ ቴራ ነው" አለኝ፣
ቴራን እንደሚያውቅ ሰው ቆጥሮኝ።

እጄን ስዘረጋ ጮኸ፦ "ቆይ! መጀመሪያ ብረት ንካ!
ሣጥኑን ይዘህ ትንሽ ቆይ፤ ከዚያ በኋላ ነው እንካ።
በገላህ የተጠራቀመ መብረቅ አለ፣ ባታየውም፤
እሱ ካለፈባት ደግሞ ይቺ ነገር አትድንም።"

ብረት ንካ።
አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ ማረሻ ይሠራል፣ ማጭድ ይስላል፤
በማረሻው ያረሰ ሁሉ ሲመሽ መንገድ ይቀይርበታል።
"ብረት ነኪ፣ ዓይኑ ይበላል" ብለው ልጅ ይሰበስባሉ፤
ማጭዱን ግን ከነስለቱ፣ ዋጋ ተከራክረው ይወስዳሉ።
ዛሬ የልጅ ልጁ ቆሞ "ካልነካህ ትጎዳታለህ" ይለኛል።
መዳፌን ቀዝቃዛው ሣጥን ላይ አሳረፍኩ። ቆየሁ።
ምናልባት ከሚያስፈልገው በላይ ቆየሁ።

ሰያፍ አድርጌ አስገባኋት፤ ጫፏ ሽቅብ ቀና አለ።
"አትፍራ፣ ወደ ታች ተጫናት።" ተጫንኳት። ቀጭ አለ።
ገጠመች፤ ቤት እንደሚመታ ስንኝ፣ ሳይጎድል ሳይተርፍ።
የቀረችው አንዲት ብሎን ናት፤ ከመፍቻው መግነጢስ ጫፍ
ተንጠልጥላ ስትመጣ
ወደቀች። ንጣፉ ላይ ሁለቴ ነጠረች፣ ጠፋች።

ልጄ በስልኩ ብርሃን ከሶፋው ሥር ተንበረከከ፤
በዕብራይስጥ ተሳደበ፣ በአማርኛ ይቅርታ ጠየቀ።
እኔ መብራት አላሻኝም።
ሃያ ሁለት ዓመት በዚህች ከተማ የሰው ወለል ወልውያለሁ፤
ውሃ ወዴት እንደሚያደላ በጉልበቴ አውቃለሁ።
ከበረንዳው ደፍ ሥር አገኘኋት፣ የጤፍ ታላቅ እህት።

ማሽኑ ተነሣ። ዝም አለ። ጆሮዬን ሣጥኑ ላይ ጣልኩ፤
አሮጌው ሲያስብ ያጉረመርም ነበር፣ በእሱ ለምጄ ኖርኩ።
"የት አለ ታዲያ ድምፁ?"
"የሚሽከረከር የለውም አባ።" ሳይተነፍስ ማስታወሱ!

"ያልተመደበ ቦታ" ይላል፤ ልጄ ነው ያነበበልኝ።
ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ ጊጋ። አንድ ሺ አልነበር ያልከኝ?
"አቆጣጠሩ ይለያያል" አለ። እኔን ግን ግብር መሰለኝ።
"እንዴት እንክፈለው? ለሁለት? ለሦስት? ወይስ እንዳለ?"
በዚያ አገር ርስት ሲከፈል ወንድም ወንድሙን ገደለ፤
እኛ አልደረሰንም። በሰው መሬት ላይ ተቀምጠን
የሰው ማረሻ ስንስል፣ እህል በቁና ተሰፍሮልን።
"እንዳለ" አልኩት። "ድንበር አታብጅለት።"

በመጨረሻ "ለኮምፒውተሩ ስም ስጠው" አለ።
ባዶ ቦታ፣ የምትርገበገብ ሰረዝ።

ሎድ ስደርስ፣ ከአውሮፕላኑ ወርጄ ጉልበቴ ገና ሳይጸና፣
አንዲት ጸሐፊ "አምባው" ያልኳትን "አቭራም" ብላ መዘገበችና
"ቀጣይ!" አለች። የፈጀባት ግማሽ ደቂቃ ነው።
ልጄን ይፍታህ ያልኩት በሁለቱም ቋንቋ እንዲኖር ብዬ ነው፤
በዚህኛው "ይከፍታል"፣ በዚያኛው "ማሰሪያህን ያላላልህ"፤
አምስት ወር አሰብኩበት፤ እናቱ "ምን ነካህ?"
እስክትለኝ።

"ዝለለው" አልኩ። "ስም አይቸኮልበትም።"
"ራሱ የሆነ ፊደልና ቁጥር ይለጥፍበታል አባ።"
"ይለጥፍ። መጀመሪያ እንልመደው።"

ሻዬን አማስዬ ሳልጨርስ ማያው በራ።
ልጄ ሳቀ፤ ትከሻው እንደ ሕፃንነቱ ተንቀጠቀጠ።
ልተኛ ስል ያን ትከሻ ልነካ እጄን አነሣሁ፤
መጀመሪያ
የበሩን ብረት ነካሁ።