ቀፊራ ሦስት

ስሙን አልጽፍም። አዴ ኩልሱማ አስምላኛለች በቀኝ እጄ፦
«ወረቀት ላይ የዋለ ቅጠል ይሞታል፣ ልጄ።»
ስለዚህ በመዝገቤ፣ በሃያኛው ገጽ፣
ዘሩ ሳይነገር፣ አገሩ ሳይገለጽ፣
«ቀፊራ ሦስት» ብቻ ተባለ፤
ስም እንዳልወጣለት ሕፃን በቁጥር ታዘለ።

ጥላ ላይ ሰቅዬ ዘጠኝ ቀን አደረቅሁት፣
በሙቀጫ ወቅጬ በአልኮል ነከርሁት፤
ሦስት ቀን ሲንቀጠቀጥ ማሽኑ ላይ ሰንብቶ
ወጣ እንደ ሞተር ዘይት፣ ጠቁሮና ረግቶ።
ሽታው፦ የዝናብ አፈር፣ የተቃጠለ ስኳር፣
ከሥሩ ደግሞ ሌላ፣ ስም የሌለው መራር።

የድሬ ቀትር እንደምታውቁት ነው፤
ጥላም ጥላ ይፈልጋል፣ አስፋልቱም ላብ አለው።
የእኛ ላቦራቶሪ በሦስት ቋንቋ ይጸልያል
መብራት እንዳይሄድብን፤ ቢሄድ ሥጋው ይሞታል።

ሥጋው ያልኩት፣
ከጊኒ ፒግ ጉሮሮ የተቆረጠ ቀለበት፣
ጣት የማያውቀው፣ ሠርግ የሌለበት፤
በሐር ክር ተንጠልጥሎ፣ በጨው ውኃ መሐል፣
ባለቤቱ ከሞተ በኋላም እንደ መተንፈስ ይላል።
ባለቤቱን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ጠዋት፤
ጎመን ከእጄ በልቶ ነበር፣ ትናንት።

ሂስታሚን ጠብ ሳደርግ ቀለበቱ ተኮማተረ፣
ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሽቅብ በረረ።
ይህን ተራራ አውቀዋለሁ፤ የወንድሜ ደረት ነው፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ መስኮት ሥር ተቀምጦ የሚወጣው።
ዐሥራ አራት ዓመት የሲሚንቶ ጆንያ የሰፋ፣
ጫማው ደጃፍ ላይ ነጥቶ፣ ትንፋሹ እንደ ፊሽካ የሚነፋ፤
ረምዚ፣ ያለቀ መንፊያ ጆሮው ላይ አስጠግቶ
የሚነቀንቅ፣ ጥቂት ትርፍ ካለ ብሎ፣ አድፍጦ፣ ሰምቶ።

ከዚያ ቀፊራ ሦስትን ጨመርኩ።
የራሴን ትንፋሽ ያዝኩ።
መስመሩ ወረደ!
እንደ ደቻቱ ጎርፍ ባይሆንም፣ ቀስ እያለ ወረደ፤
እጄ በጓንቱ ውስጥ ራደ።
«አቦ!» አልኩ ብቻዬን። ለረምዚ ልደውል ስልኬን አወጣሁ፤
ሥርዓት ሥርዓት ነውና መልሼ አስቀመጥሁ።
በስድስተኛው ቀለበት፣ ቅጠል በሌለበት፣
አልኮሉን ብቻ፣ ያችኑ ጠብታ፣ ጨመርኩበት።
ወረደ።
በዚያው ልክ።
ያው ቁልቁለት፣ ያው መልክ።

«ይሄም ውጤት ነው» አለኝ ዶክተር ጋዲሳ፣
መነጽሩን እየጠረገ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ።
ማታ የጻፍኩት ይህ ነው፦ «ልዩነት የለም።»
ሁለት ቃል። ቀለሙ ግን ቶሎ አልደረቀም።

ቅዳሜ ቀፊራ ገበያ፣ ከቅስቶቹ ሥር፣
ደረስኩባት፣ ጥቁር አዝሙድ በጣሳ ስትሰፍር።
ነገርኳት፤ እንደ መርዶ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ።
አልከፋትም፣ አልሳቀችም። «መቼ ቀጠፍሽው፣ ልጄ?»
«እሁድ፣ ከሰዓት በኋላ።»
«ከየት?»
«ከደቻቱ ዳር፣ ይቀርበኛል ብዬ...»
ጣሳዋን አስቀመጠች። እኔም ቆምኩ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ዝም ብዬ።
«የደቻቱን ቅጠልማ ፍየልም አትበላው!
የኔ ከሐርላ ጋራ ነው፣ ጤዛው ሳይለቀው፣
በበልግ ዝናብ ማግስት፣ ጎሕ ሲቀድ የሚቆረጥ።
አንቺ የጠየቅሽው ሌላ ሰው ነው፤ መልሱ እንዴት ይገለጥ?»

አላውቅም። የእልኸኛ ሰበብ ሊሆን ይችላል።
እውነትም ሊሆን ይችላል፤ ቅጠል ወቅቱን ያውቃል።
የመጀመሪያውን ታክሲ ይዤ፣ ገና ሳይነጋ፣
ስልኬን ፋኖስ አድርጌ ቧጠጥኩ ያንን ጋራ።
እሾኹ እጅጌዬን ቀደደው፤ ጤዛው ግን ነበረ፣
ጣቶቼ ላይ ቀዝቅዞ፣ ጸሐይ እስክትወጣ የቆረቆረ።

አሁን ጥላው ላይ አዲስ እስር ሰቅያለሁ፤
ከአልኮሉ አንዲት ጠብታ እንዳታልፍ ምያለሁ።
መዝገቡ «ቀፊራ አራት» ይላል፣
ከጎኑ ያለው ሣጥን ባዶውን ውሏል።
ረምዚ ደወለ፦ «እንዴት ሆነ ያ ነገር?»
«ገና ነው» አልኩት፣ ከፋርማሲው በር፣
የቀረችኝን ብር መዝዤ፣
አዲስ መንፊያ በፌስታል ይዤ።

ለአዲሱ ጊኒ ፒግ ጎመን በእጄ አልሰጠሁም፤
ሣጥኑ ውስጥ ጣልኩለት። ስምም አላወጣሁም።